ከዩኒቨርሲቲ ወደ ገጠር መማሪያ ክፍል፦ የሆሻንጋባድ የሳይንስ ትምህርት መርሐ ግብር ታሪክ (1972—2002)

በታዳጊ አገሮች ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሳይንስ ትምህርት ሥር እንዳይሰድ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው የመሣሪያ እጦት ነው የሚለው አስተያየት በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ ነው። ቤተ ሙከራ የለም፤ ኬሚካል የለም፤ የመስተዋት ዕቃ ቢገዛም ይሰበራል፤ ስለዚህ መምህሩ ስለ ሙከራው ከመናገር በቀር ሌላ ምርጫ አይኖረውም ይባላል። በሕንድ አገር፣ በማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት፣ በሆሻንጋባድ አውራጃ ለሠላሳ ዓመታት የተካሄደው ሥራ ግን ይህን አስተያየት በከፊል የሚያፈርስ ነው፤ በከፊልም ከመሣሪያ እጦት የባሰ ሌላ ችግር መኖሩን ይገልጣል። ሥራውን የጀመሩትና ያካሄዱት ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት አባላትና ከእነርሱ ጋር የተባበሩ የሳይንስ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ያስተማሩት ደግሞ የመንግሥት መምህራን፣ የተማሩትም የገበሬ ልጆች ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው

ሕንድ በ1947 ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ለሳይንስ ትምህርት ከፍ ያለ ግምት ሰጥታ ብዙ ጥራለች። የቴክኖሎጂ ተቋሞችና የምርምር ማዕከሎች በየትልልቁ ከተማ ተከፈቱ። ሆኖም ልማቱ ከላይ የተጀመረ ስለነበር ወደ ገጠሩ ትምህርት ቤት ሲወርድ እየሳሳ ሄደ። የፊዚክስ ሊቁ ዶክተር ዲ. ኤስ. ኮታሪ በሊቀ መንበርነት የመሩት የትምህርት ኮሚሽን ከ1964 እስከ 1966 የአገሪቱን ትምህርት መርምሮ ባቀረበው ዘገባ፣ ሳይንስና ሒሳብ ለሁሉም ተማሪ በመጀመሪያዎቹ አሥር የትምህርት ዓመታት ግዴታ ይሁን፤ አሰጣጡም ከቃል ጥናት ወጥቶ ወደ ምርምር ያዘንብል የሚል አሳብ ሰንዝሯል። አሳቡ መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ በየትምህርት ቤቱ በሥራ ላይ የሚያውለው ወገን ማን እንደሆነ ከዘገባው ለማወቅ አዳጋች ነው።

በዚያው ዘመን በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ይታይ ነበር። በአሜሪካ ከ1956 ጀምሮ የፊዚክስ ሊቃውንት የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍን እንደ አዲስ ለመጻፍ ተሰባስበዋል፤ በእንግሊዝ አገርም የናፊልድ ድርጅት ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሙከራ ላይ የተመሠረተ ትምህርት እንዲዘጋጅ ገንዘብ መድቧል። በቦምቤይ ከተማ የታታ መሠረታዊ ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ከሳይንስ መምህራን ማኅበር ጋር ሆነው በማዘጋጃ ቤት ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሙከራ የማስተማር ሥራ ጀምረው ነበር። የሆሻንጋባዱ ሥራ ከእነዚህ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ወስዷል። ልዩ የሚያደርገው ግን ሥፍራው ነው፤ ለጥሩ ተማሪዎች በተመረጡ ጥሩ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሳይሆን፣ አንዳንዶቹ በክረምት መንገድ በሚቆረጥባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው የተጀመረው።

ሆሻንጋባድ በናርማዳ ወንዝ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ የእርሻ አገር ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ናርማዳፑራም በሚል ስም ይጠራል። በከተማው አጠገብ ራሱሊያ በምትባል ቀበሌ፣ ክዌከር ተብለው የሚጠሩት ክርስቲያኖች የመሠረቱት የገጠር ልማት ማዕከል ነበር። ከዚሁ ራቅ ብሎ ፓሊያ ፒፓሪያ በተባለ መንደር ደግሞ ኪሾር ባራቲ የሚባል ማኅበር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቋቋመ። የዚህ ማኅበር መሥራች ዶክተር አኒል ሳድጎፓል በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተምረው፣ በታታ ተቋም የሞለኪውል ባዮሎጂ ተመራማሪ ሆነው ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ የምርምር ሥራቸውን ትተው ወደ መንደር የገቡ ሰው ናቸው። ሁለቱ ማኅበራት ተባብረው ለክፍለ ግዛቱ መንግሥት ጥያቄ አቀረቡ፤ መንግሥትም በ1972 በአሥራ ስድስት የመንግሥት መካከለኛ ትምህርት ቤቶች፣ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለውን የሳይንስ ትምህርት በአዲስ ዘዴ እንዲሞክሩ ፈቀደ።

ይህ ፈቃድ በዘመኑ ያልተለመደ ነበር። የበጎ አድራጎት ማኅበራት በሕንድ አገር የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፍተው እንዳሻቸው ማስተማር ይችሉ ነበር፤ ብዙዎችም አድርገውታል። የኪሾር ባራቲና የራሱሊያ ሰዎች ግን የራሳቸውን ትምህርት ቤት አልፈለጉም። የለመኑት የመንግሥትን ትምህርት ቤት፣ የመንግሥትን መምህር፣ የመንግሥትን የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። ለናሙና የተሠራ አንድ ያማረ ትምህርት ቤት ጎብኚ ያስደስታል እንጂ አውራጃውን አይለውጥም ብለው ያምኑ ነበር። በኋላ የደረሰባቸው ጥቃትም ሆነ ያገኙት ስኬት ከዚህ ምርጫ የመነጨ ነው።

ሊቃውንቱ በመንደር

መርሐ ግብሩ እንደተጀመረ በመጀመሪያ የታታ ተቋም ሰዎች፣ ቀጥሎም የደልሂ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ሆሻንጋባድ መመላለስ ያዙ። ከእነዚህ መካከል የፊዚክስ መምህራኑ ቪኖድ ራይናና ቪጃያ ቫርማ ይገኙበታል፤ የጠፈር ጨረር ተመራማሪው ፕሮፌሰር ያሽ ፓልም ከመጀመሪያ አንሥቶ የሥራው ደጋፊ ነበሩ። እንዲህ ያለው ምልልስ በእረፍት ጊዜ በሚደረግ ጉብኝት ብቻ ቢወሰን ኖሮ ብዙም ፍሬ ባላፈራ ነበር። የሕንድ የዩኒቨርሲቲዎች እርዳታ ኮሚሽን ለመምህራኑ ልዩ የትምህርት እርዳታ በመስጠት፣ ከዩኒቨርሲቲ ሥራቸው ተነሥተው በአውራጃው እንዲቀመጡ ፈቀደላቸው። በመንደር ትምህርት ቤት ማሳለፍ ለፊዚክስ መምህር እንደ ሥራ መቆጠሩ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ እንዲህ ያለውን ውሳኔ በየትኛውም አገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሊቃውንቱ በመንደር ያገኙት ነገር ካሰቡት የተለየ ነበር። ከመካከለኛ ትምህርት ቤት መምህራን ብዙዎቹ ሳይንስን በሙያ ያልተማሩ ነበሩ። መጽሐፉን ያነባሉ፤ ልጆቹ ይደግማሉ፤ ትርጉሙን ይጽፋሉ፤ በፈተና ጊዜም ይመልሱታል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ምሁር መጥቶ ስለ ዘመናዊ ፊዚክስ ጥሩ ንግግር ቢያደርግላቸው ያጨበጭቡለታል፤ በማግሥቱ ግን ያንኑ መጽሐፍ ማንበባቸው አይቀርም። ስለዚህ በሥልጠናው ጊዜ መምህራኑ ልክ እንደ ተማሪ አራት አራት ሆነው ሙከራውን ራሳቸው እንዲሠሩ፣ ሊቃውንቱም ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብለው ውጤቱን እንዲከራከሩበት ተደረገ። ሙከራው አልሠራ ሲል ያልሠራበትን ምክንያት መፈለግ የሁሉም ሥራ ሆነ። አንድ ቅጠል ከየትኛው ምድብ ይገባል የሚለው ጥያቄ ከመንደር ሲመጣ የባዮሎጂ ሊቁ ጭምር «አላውቅም፤ እንየው» ለማለት የሚገደድበት ጊዜ ነበር። ለመምህሩ ይህ ትልቅ ነጻነት ነው፤ ሊቁ «አላውቅም» ካለ መምህሩም በልጆቹ ፊት እንዲህ ብሎ ክብሩን ላያጣ ይችላል።

ሊቃውንቱ ከመንደሩ የተማሩትም ብዙ ነው። የአበባን ክፍሎች ለያይቶ ለመመልከት የሚያገለግለው የብረት መርፌ ውድ ከመሆኑም በላይ በቀላሉ ይጠፋል። በአውራጃው ግን የግራር እሾህ በየአጥሩ አለ፤ ሹል ነው፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። የግራሩ እሾህ የቤተ ሙከራውን መርፌ ተክቶ ሠራ። አርቪንድ ጉፕታ የተባሉት የካንፑር የቴክኖሎጂ ተቋም ምሩቅ የሆኑ መሐንዲስ በ1978 ከከባድ መኪና ፋብሪካ ሥራቸው ፈቃድ ወስደው ወደ አውራጃው በመጡ ጊዜ፣ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ውስጥ የምትገባውን ቀጭን የላስቲክ ቱቦ እየቆራረጡ የክብሪት እንጨቶችን በእርሷ በማያያዝ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ፒራሚድና የሞለኪውል ቅርጽ የሚሠራበትን ዘዴ ፈጠሩ። ቱቦዋና ክብሪቱ ከመንደሩ ሱቅ የሚገኙ ናቸው። ሦስት ማዕዘኑ ሲገፉት እንደማይነቃነቅ፣ አራት ማዕዘኑ ግን እንደሚዛነፍ ልጁ በጣቱ ያውቀዋል፤ የቤቱ ጣራ ለምን በሦስት ማዕዘን እንደተሠራም ከዚያ ይገባዋል። ጉፕታ ይህን ዘዴ የያዘ መጽሐፍ በ1987 አሳተሙ፤ በ2018ም ከአገራቸው መንግሥት የፓድማ ሽሪ ሽልማት ተቀብለዋል።

መጽሐፉና የዕቃው ሣጥን

ለተማሪዎቹ የተዘጋጀው መጽሐፍ «ባል ቫይግያኒክ» ይባላል፤ «ልጁ ሳይንቲስት» እንደ ማለት ነው። በሂንዲ ቋንቋ፣ በአውራጃው ልጆች አነጋገር የተጻፈ ሲሆን ከመደበኛው የመማሪያ መጽሐፍ የሚለየው በዋነኛነት መልስ የሌለበት መሆኑ ነው። እንዲህ አድርጉ፤ ምን አያችሁ? በሠንጠረዥ ጻፉ፤ የጎረቤታችሁ ቡድን ያገኘው ከእናንተ ለምን ተለየ? እያለ ይቀጥላል። ትርጉሙንና ሕጉን የሚጽፈው ተማሪው ራሱ በደብተሩ ላይ ነው፤ ደብተሩም የመጽሐፉ ሁለተኛ ግማሽ ይሆናል።

ከምዕራፎቹ መካከል ሁለቱ በተለይ ሊጠቀሱ ይገባል። አንደኛው ስለ ልኬት የሚናገረው ነው። አንድን ጠረጴዛ በአንድ ማስመሪያ አራት ልጆች ቢለኩት አራት ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ። በተለመደው ትምህርት ቤት ከአራቱ አንዱ ትክክል፣ ሦስቱ ስሕተት ይባላሉ፤ ትክክሉንም የሚያውቀው መምህሩ ነው። የባል ቫይግያኒክ ምዕራፍ ግን ልጆቹ የክፍሉን ልኬቶች በሙሉ ሰብስበው፣ መለያየታቸውን ተመልክተው፣ መካከለኛውን እንዲያወጡ ያደርጋል። በዚህ ዐይነት ልዩነት የጥፋት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የልኬት ጠባይ ይሆናል። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህ ታላቅ ቁም ነገር ነው፤ መምህራኑም በሥልጠና ጊዜ ከማንኛውም ምዕራፍ ይልቅ በዚህ ላይ ቢከራከሩ አያስደንቅም።

ሁለተኛው ስለ ዕድልና አጋጣሚ ነው። ልጆቹ ሳንቲም ይወረውራሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ያገኘውን በሰሌዳው ላይ ይመዘግባል፤ የአንዱ ቡድን ውጤት ወደ ወዲያም ወደ ወዲህም ይዘላል፤ የክፍሉ በሙሉ ሲደመር ግን ወደ እኩሌታ ይጠጋል። ሰው ዕጣ ፈንታውን ከከዋክብትና ከገድ ጋር በሚያያይዝበት አገር ይህን ትምህርት ለገበሬ ልጅ በሳንቲም ማስተማር ድፍረት የጠየቀ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሙከራ ዕቃዎች ሣጥን ተሰጠ። አጉሊ መነጽር፣ ማግኔት፣ የሙከራ ቱቦ፣ ቴርሞሜትር፣ ጥቂት ኬሚካሎች ይገኙበታል። የቀረውን ልጆቹ ከቤትና ከማሳ ያመጡታል። ዕቃው ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው እንዲሠሩበት ተቆጥሮ የተመደበ ስለሆነ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ለማሳያነት የሚቀር አልነበረም። ይሁን እንጂ የሚሰበረውንና የሚያልቀውን በየዓመቱ መተካት የአስተዳደሩ ድርሻ ነበር፤ በዚህ በኩል መጓተት አልታጣም።

መምህሩን መደገፍ

የመምህራን ሥልጠና በክረምት እረፍት ለሦስት ሳምንት ይሰጥ ነበር፤ ሦስቱን ክፍሎች ለማዳረስ መምህሩ ለሦስት ዓመት ይመላለሳል። የዚህ ሥልጠና ርዝመት ብቻውን የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን የመርሐ ግብሩ ልብ የነበረው ከሥልጠናው በኋላ የሚሆነው ነው። ትምህርት ቤቶቹ በየአካባቢያቸው ተቧድነው፣ መምህራኑ በወር አንድ ቀን «ሳንጋም ኬንድራ» በሚባለው ማዕከል ይሰበሰባሉ። ሳንጋም የወንዞች መገናኛ ማለት ነው። በዚያ ስብሰባ በወሩ ውስጥ የከሸፈውን ሙከራ፣ ያልተመለሰውን የልጅ ጥያቄ ያነሣሉ፤ የሚቀጥለውንም ምዕራፍ አስቀድመው ይሞክሩታል። ከማኅበሩም ከከፍተኛ ትምህርት ቤትም የተመደቡ ረዳቶች በየመማሪያ ክፍሉ እየተገኙ ይመለከታሉ፤ የሚመጡት ለመርዳት እንጂ ለመቆጣጠር ባለመሆኑ ሪፖርታቸው ለመምህሩ የደረጃ እድገት የሚያገለግል አልነበረም። የትምህርት ቁጥጥርና የትምህርት እርዳታ በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ እርዳታው እንደሚሞት ልምድ ያለው ዳይሬክተር ሁሉ ያውቀዋል።

ከመምህራኑ መካከል ብርቱ የሆኑት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሳቸው አሠልጣኝ ሆኑ። የመጽሐፉ ምዕራፎችም በእነርሱ ትችት እየታረሙ እንደገና ተጻፉ። ልጆቹ ደግሞ የሚጠይቁትን የሚጽፉለት «ሳዋሊራም» የሚባል በምናብ የተፈጠረ ሰው ነበራቸው። «ሳዋል» በሂንዲ ጥያቄ ማለት ነው፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ስለሆነ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ልጁ ለሳዋሊራም ደብዳቤ ይልካል፤ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ በስሙ መልስ ይጻፍለታል። ይህን የሚያደርጉት ማኅበርተኞቹ ናቸው፤ በሙያ ሳይንቲስት የሆነ ሰው የአንድ መንደር ልጅ ለጠየቀው ጥያቄ ደብዳቤ ሲጽፍ ማምሸቱ በሪፖርት ቁጥር ውስጥ የሚገባ ሥራ አይደለም።

ፈተናው

በ1972 ስድስተኛ ክፍል የገቡት ልጆች ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። በክፍለ ግዛቱ የስምንተኛ ክፍል ፈተና በጋራ የሚሰጥ ነበር፤ ፈተናውም ትርጉምና ዝርዝር በቃል የሚጠይቅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ምን አያችሁ?» ሲባሉ የኖሩ ልጆች በዚህ ፈተና ቢቀመጡ መውደቃቸው ነው፤ መምህሩ ይህን አስቀድሞ ካወቀ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት ሣጥኑን ቆልፎ ወደ ቃል ጥናት መመለሱ አይቀርም። የማኅበሩ ሰዎች ይህን ስለተረዱ ፈተናው ካልተለወጠ መጽሐፉ መለወጡ ከንቱ ነው ብለው ተከራከሩ፤ የመንግሥት ባለሥልጣኖችም ተቀበሏቸው።

አዲሱ ፈተና ሁለት ክፍል ነበረው። በጽሑፉ ፈተና ተማሪው መጽሐፉንና ደብተሩን ይዞ እንዲገባ ይፈቀድለታል፤ ጥያቄዎቹ ከመጽሐፉ የሚገለበጥ መልስ ስለሌላቸው መጽሐፍ መያዙ የሚጠቅመው በሚገባ ለሠራ ልጅ ብቻ ነው። በተግባሩ ፈተና ደግሞ ዕቃ ይሰጠዋል፤ ይለካል፤ ይመድባል፤ ያየውን ይጽፋል። ጥያቄዎቹን መምህራኑና ረዳቶቻቸው አብረው ያዘጋጁ ነበር። ፈተናን ያህል ነገር፣ ያውም በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በመምህራንና በአንድ ማኅበር እጅ መተው ለትምህርት አስተዳደር ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ የማድያ ፕራዴሽ ባለሥልጣኖች ይህን በማድረጋቸው ሊመሰገኑ ይገባል። በኋላ የሆነው የቀደመውን ማስረሳት የለበትም።

ነገር ግን ለውጡ በስምንተኛ ክፍል አበቃ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃው መጽሐፍና ፈተና እንደ ድሮው ነበሩ። በጣቱ መማር የለመደ ልጅ በድንገት ወደ ሽምደዳ ይመለሳል። ወላጆች «ልጃችን ከሌላው አውራጃ ልጅ ወደ ኋላ ቀረ» ብለው ቢሰጉ ፍርሃታቸው መሠረት አልባ ነበር ለማለት አይቻልም። በመርሐ ግብሩ አወቃቀር ውስጥ ከሁሉ የሰፋው ክፍተት ይህ ነበር፤ ቀዳዳውን ለመድፈን ግን የአንድ ማኅበር አቅም አይበቃም።

ከአውራጃው ውጭ

በ1978 መርሐ ግብሩ ወደ መላው አውራጃ፣ ከሁለት መቶ በላይ ወደሚሆኑ መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። ሥራው ከሁለቱ ትንንሽ ማኅበራት አቅም በላይ ስለሆነ በ1982 በማዕከላዊውም በክፍለ ግዛቱም መንግሥት ድጋፍ ኤክላቭያ የተባለ ተቋም በቦፓል ከተማ ተመሠረተ። ቪኖድ ራይናን የመሳሰሉት ምሁራን የዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ትተው የዚህ ተቋም አባላት ሆኑ። ኤክላቭያ በማሃባራታ የተተረከለት ልጅ ነው፤ ታላቁ የቀስት መምህር ድሮና በትውልዱ ምክንያት አላስተምርህም ቢለው የመምህሩን ምስል ከጭቃ ሠርቶ በፊቱ እየተለማመደ ከሁሉ የላቀ ባለ ቀስት ሆነ፤ መምህሩም ይህን ሲያውቅ የቀኝ አውራ ጣቱን በደሞዝ መልክ ጠየቀው፤ ልጁም ቆርጦ ሰጠው። ማኅበሩ ይህን ስም ሲመርጥ ማንን ማስታወስ እንደፈለገ ግልጽ ነው።

በ1980ዎቹ ውስጥ መርሐ ግብሩ ደዋስንና ኡጃይንን ወደመሳሰሉ ሌሎች አውራጃዎች በጥቂት በጥቂቱ ገባ፤ በመጨረሻው ዘመን አሥራ አምስት አውራጃዎች ውስጥ ነበር። ኤክላቭያም «ቻክማክ» — ባልጩት ማለት ነው — የተባለውን ወርኃዊ የልጆች መጽሔት በ1985፣ «ሳንዳርብ» የተባለውን የመምህራን መጽሔት በ1994 ማሳተም ጀመረ።

በሕንድ አገር ሌላ መንገድ የተከተለም ማኅበር አለ። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ የመጡባት ኬራላ፣ በ1962 የተመሠረተ የሳይንስ ጸሐፊዎች ማኅበር ነበራት። ይህ ማኅበር ሳይንስን በማላያላም ቋንቋ ከመጻፍ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠሩ መምህራንን በአባልነት ያቀፈ የሕዝብ እንቅስቃሴ ሆኗል። አባላቱ ራሳቸው የትምህርት ቤት መምህራን ስለሆኑ አንድ የመንግሥት ትእዛዝ ሊያጠፋው አይችልም ነበር። የሆሻንጋባዱ ሥራ ጥልቀት ነበረው፤ እንዲህ ያለ ስፋት ግን አልነበረውም።

የ2002 ውሳኔ

መርሐ ግብሩ የኖረው በየጊዜው በሚታደስ የመንግሥት ይሁንታ ነው። መጀመሪያ የፈቀዱት ባለሥልጣኖች ጡረታ ወጡ፤ የተኩአቸውም ስለ ነገሩ አነሣሥ የሚያውቁት ጥቂት ነበር። የሠለጠነው መምህር ወደ ሌላ አውራጃ ይዛወራል፤ ያልሠለጠነው በቦታው ይመደባል። በአንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ሁለት ዐይነት የሳይንስ መጽሐፍ መኖሩም ለአስተዳደር ዐይን የማይመች ሆኖ ታየ።

በዚህ ላይ የአካባቢው ፖለቲካ ተጨመረበት። የአውራጃው ልጆች በሁለተኛ ደረጃ ፈተና ወደ ኋላ የቀሩት በዚህ መርሐ ግብር ምክንያት ነው የሚል ክስ ከምክር ቤት አባል ተነሣ፤ ጉዳዩ በአውራጃው የፕላን ኮሚቴ ቀርቦ መርሐ ግብሩ እንዲዘጋ ድጋፍ አገኘ። ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ሳይንቲስቶችና የትምህርት ምሁራን ተቃውሟቸውን በደብዳቤ ቢገልጹም በ2002 አጋማሽ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት መርሐ ግብሩን ዘጋ፤ ትምህርት ቤቶቹም ወደ መደበኛው መጽሐፍ ተመለሱ። በ1972 በፈቃድ ደብዳቤ የተከፈተው ሥራ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በደብዳቤ ተዘጋ። በመካከሉ ያለው ዕውቀት፣ ማለትም ሥልጠናው፣ የወሩ ስብሰባ፣ የጥያቄ አወጣጡ ጥበብ፣ በማኅበሩ ሰዎችና በጥቂት መቶ መምህራን ዘንድ እንጂ በመንግሥቱ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞች ውስጥ ሥር አልሰደደም ነበር፤ በዚህም የተነሣ ከመንግሥት ወገን «ይህ የእኛ ነው» ብሎ የሚከራከርለት ክፍል አልተገኘም።

ከመዘጋቱ በኋላ ነገሩ በሌላ መልክ ብቅ ብሏል። ፕሮፌሰር ያሽ ፓል የመሩት ኮሚቴ ያዘጋጀው የ2005 ብሔራዊ የሥርዐተ ትምህርት መመሪያ፣ ተማሪው ዕውቀትን ራሱ እንዲገነባና ፈተናው ከቃል ጥናት እንዲወጣ የሚጠይቅ ነው፤ ሆሻንጋባድን የሚያውቅ አንባቢ ጠረኑን አይስተውም። ለረጅም ዓመታት በመርሐ ግብሩ የሠሩት የኬሚስትሪ ምሁር ሱሺል ጆሺ ታሪኩን በሰፊው ጽፈዋል። ቪኖድ ራይና እያንዳንዱ ከስድስት እስከ አሥራ አራት ዓመት ያለ ልጅ ያለ ክፍያ የመማር መብት እንዲኖረው በ2009 የታወጀውን ሕግ ካረቀቁት አንዱ ነበሩ። አኒል ሳድጎፓል ግን ያንኑ ሕግ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ለሀብታምና ለድኻ ልጅ አንድ ዐይነት የጋራ ትምህርት ቤት እስካልመሠረተ ድረስ ያለውን ልዩነት ያጸናል እንጂ አያጠፋም የሚል ነበር ክርክራቸው። በግራር እሾህ አበባ ሲያስፈትሹ አብረው የኖሩት ሁለቱ ባልደረቦች በዚህ ጉዳይ ሳይስማሙ ቪኖድ ራይና በ2013 ዐረፉ።